ባሌ ከመርካቶ ያመጣው መጨረሻ

የልጅ ልጆቼ ድራማ ሲያዩ አብሬያቸው እቀመጣለሁ። ገና ሳይጀመር ማን ክፉ፣ ማን ደግ እንደሆነ እነግራቸዋለሁ፤ እነሱም «አያቴ፣ በናትሽ ዝም በይ» ይሉኛል። የመጨረሻው ክፍል የሚታይበት ቀን ግን ነጠላዬን አንስቼ ወደ ግቢ እወጣለሁ። «ዛሬ እኮ ነው የሚያልቀው!» እያሉ ይጮኹብኛል። የምወጣውም ለዚሁ ነው። በወጣትነቴ የአንድ የሙት መንፈስ ተከታታይ ድራማ መጨረሻ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ያ ለዕድሜዬ ይበቃኛል።

ጊዜው የንጉሡ ነበር። ቴሌቪዥን አዲስ አበባ ከገባ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል፤ ሆሳዕና ግን እንኳን ቴሌቪዥን ራዲዮ ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ባሌ ገበያው ዳር ከአባቱ የወረሰው ሱቅ ነበረው፤ አቡጀዲ፣ ጨው፣ ላምባና ሳሙና ይሸጥበታል። ቤተሰቡ ከጉራጌ አገር መጥተው ሆሳዕና የሰፈሩ ነጋዴዎች ናቸው። እኔ ከሆሳዕና ወጣ ብላ ያለችው የሆመቾ ገበሬ ልጅ ነኝ፤ ሚሲዮን ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማርኩ ፕሮቴስታንት። አባቴ ጋብቻውን አልወደደውም፤ አማቴ፣ የባሌ እናት፣ ጭራሽ አልወደዱትም። ሁለቱ ተገናኝተው ቢያወሩ ኖሮ በዚህ በአንዱ ነገር ይስማሙ ነበር።

ባሌ ከኔ በፊት ሚስት ነበረችው፤ በወሊድ ከነሕፃኑ ሞተች። አማቴ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንደ ልጃቸው ያሳደጓት የጎረቤት ልጅ ናት፤ ለልጃቸው ያጯትም እሳቸው ናቸው። ከሞተች በኋላም ከቤቱ አልወጣችም። ምድጃው አጠገብ የምትቀመጥበት በርጩማ እንዳለ ነው፤ ማንም አይቀመጥበትም። ልብሶቿ በእንጨት ሳጥን ተቆልፈዋል። መስቀል ሲቃረብ አማቴ ሳጥኑን ይከፍቱና ቀሚሶቹ ፀሐይ እንዲመታቸው ግቢ ውስጥ ገመድ ላይ ያሰጧቸዋል። የማሰጣው እኔ ነኝ። «ቀስ በይ እንጂ፣ ያንቺ እጅ ሸካራ ነው» ይሉኛል፣ ከበረንዳው ላይ ሆነው። አማርኛዬንም ይነቅፉ ነበር፤ የሳቸውም አማርኛ እንደኔው ከሌላ ቤት የመጣ መሆኑን ግን ረስተውታል።

እንዲህም ሆኖ ቤቴ ነው ብዬ ተቀምጬ ነበር። ባሌ ክፉ ሰው አልነበረም፤ አይማታም፣ አይሳደብም፣ አይሰክርም። ፊት ለፊት የሚናገረው ነገር ስላልነበረው እኔም ጸጥታውን ፍቅር አድርጌ ወሰድኩት። የቀረው ጊዜ ብቻ ነው፣ ሟቿ ትንሽ ትንሽ እያለች ትወጣለች፣ እኔም ትንሽ ትንሽ እያልኩ እገባለሁ ብዬ ነበር። የዚያን ጊዜ የምፈልገው ይኸው ብቻ ነው፤ በዚያ ቤት ውስጥ የኔ የምለው ቦታ።

ባሌ በየሳምንቱ ቆዳና ቅቤ በጭነት መኪና አስጭኖ በቡታጅራ መንገድ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ከመርካቶ ሸቀጥ ይዞ ለገበያ ቀን ይደርሳል። የሚያድረው አጎቱ ቤት ነው። አጎቱ ቴሌቪዥን ገዝተው ነበር። ባሌ እዚያ በሚያድርበት ምሽት ደግሞ የሙት መንፈስ ያለበት የፈረንጅ ተከታታይ ይታያል። በባሕር ጠረፍ ላይ ትልቅ ቤት ያለው አንድ ሐኪም አለ፣ ሚስቱ ሞታበታለች። ሲመሻሽ ሟቿ ከደረጃው ትወርድና የሳሎኑን የግድግዳ ሰዓት ትሞላለች። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው።

ባሌ ይህን በገበያ ቀን ሱቁ ውስጥ ይተርከዋል። እንዴት እንደሚተርክ ልንገራችሁ፤ ቤት ውስጥ አፉን የማይከፍተው ሰውዬ ከሚዛኑ ኋላ ሲቆም ሌላ ሰው ይሆናል። ከሞርሲቶ የመጡ ቅቤ ሻጮች ጨው ከረጢት ላይ ይቀመጣሉ። አማርኛ የማይገባቸው እንዳያመልጣቸው አንዱ ከጎን ሆኖ በሀዲይኛ ይተረጉምላቸዋል፤ ስለዚህ ሳቁ ሁለት ጊዜ ነው የሚመጣው፣ መጀመሪያ ከፊት፣ ቀጥሎ ከኋላ። አማቴ በሩ አጠገብ ወንበራቸው ላይ ተደላድለው ይሰማሉ። ሟቿ ሰዓቱን ሞላች በተባለ ቁጥር «እሰይ የኔ ልጅ» ይላሉ።

ሐኪሙ ሁለተኛ ሚስት አገባ የተባለው መቼ እንደሆነ አላስታውስም። ብቻ አንድ የገበያ ቀን ባሌ ስለሷ ማውራት ጀመረ፤ ከዚያ ወዲያ ሰው የሚመጣው እሷን ለመስማት ሆነ። የተማረች ነኝ ባይ ናት። ቤት ስትጠርግ መዝሙር ትዘምራለች፣ ድምጿ ግን የተሰነጠቀ ነው። ያነሳችው ዕቃ ሁሉ ከእጇ ይወድቃል። ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል። እኔም ከአቡጀዲው መደርደሪያ ሥር ቆሜ እስቅ ነበር፤ መጀመሪያ ላይ።

አንድ ምሽት የፋኖሱን ብርጭቆ ገና ትኩስ ሳለ በቀዝቃዛ ውኃ አጠብኩት፤ እጄ ላይ ፈነዳ። አማቴ እንደ ልማዳቸው ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ዝም አሉ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ባሌ «ሁለተኛዋ ሚስት ምን አደረገች መሰላችሁ? ትኩስ የፋኖስ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ!» ብሎ ሲናገር ሱቁ በሳቅ ተናጋ። ከቅቤ ሻጮቹ አንዷ ዞር ብላ በጨርቅ የተጠቀለለውን እጄን አየችው። እኔ ግን ለራሴ ሰበብ አላጣሁም፤ የፋኖስ ብርጭቆ የትም ይሰበራል፣ የፈረንጅም ቢሆን ብርጭቆ ነው አልኩ።

የቀሚሶቹ ነገር ግን ሰበብ የለውም። መስቀል ሊደርስ ሲል የሟቿን ልብሶች ሳሰጣ ነፋስ ገባባቸውና ሰው የለበሳቸው ያህል ተነፉ። እጅጌያቸው ወደኔ ተዘረጋ። በጣም ፈራሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለባሌ ብቻ፣ አልጋ ላይ፣ ራሴን ደረቱ ላይ አድርጌ ነገርኩት። እሱም ፀጉሬን ዳበሰኝ። በሳምንቱ ሁለተኛዋ ሚስት ገመድ ላይ ከተሰጣ ቀሚስ ስትሸሽ፣ እየተንቀጠቀጠች መዝሙር ስትዘምር ሱቁ ውስጥ ተተረከ። ባሌ ድምፄን አስመስሎ፣ የሆመቾ አማርኛዬን ጭምር አስመስሎ፣ ዘመረ። አማቴ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከዚያ ቀን በኋላ በመንገድ ሳልፍ የሰፈር ልጆች ነጠላ እያርገበገቡ ይከተሉኝ ጀመር።

የተከታታዩ መጨረሻ ደርሷል ሲባል «እኔም አብሬህ ሄጄ አያለሁ» አልኩት። በቴሌቪዥን የኔን ገመና የሚያወራ ፈረንጅ ካለ ፊቱን ልየው ብዬ ነው። የመኪናው ጋቢና አይመችሽም፣ መንገዱ አቧራ ነው፣ አጎቴ ቤት ቦታ የለም እያለ ከለከለኝ። ከሁለት ቀን በኋላ ሳልለምነው «እሺ ነይ» አለኝ። አማቴም ያልተለመደ ፊት አሳዩኝ፤ ለመንገድ ስንቅ በገዛ እጃቸው ቋጠሩልኝ። እኔ ሞኟ ደስ አለኝ።

መርካቶ ደርሰን ሸቀጡ ሲጫን ባሌ እጄን ይዞ ሻንጣ ወደሚሸጥበት ወሰደኝ። ሁለት የነሐስ መቆለፊያ ያለው ቡናማ ሻንጣ ገዛልኝ። ከተጋባን ጀምሮ ከሱቁ ጨርቅ በስተቀር ምንም ሰጥቶኝ አያውቅም ነበር። «ለኔ ነው?» አልኩት። «ላንቺ ነው» አለ። ሻንጣውን ለማንም ሳልሰጥ እስከ አጎቱ ቤት ራሴ ተሸክሜ ሄድኩ፤ ሰው እንዲያየኝ ጎዳናውን ዞሬ ብሄድ በወደድኩ።

ቴሌቪዥኑ በዳንቴል ተሸፍኖ ሳሎኑ ጥግ ላይ ተቀምጧል። የአጎቱ ሚስት መሥሪያ ቤት የምትሠራ፣ የተማረች ሴት ናት፤ ንግግሩን ለቤተሰቡ ወደ አማርኛ የምትመልሰው እሷ ነች። ዳንቴሉ ተገለጠ፣ ጥቁርና ነጩ ምስል እየተንቀጠቀጠ መጣ። ሐኪሙን አየሁት። ደረጃውንም፣ ሰዓቱንም፣ ነጭ የለበሰችውን ሟችም አየሁ። ሁለተኛዋን ግን ብጠብቅ ብጠብቅ የለችም። የሚሲዮን እንግሊዝኛዬ የንግግሩን ግማሽ ይይዝልኛል፤ ስለሷ የተነሳ ነገር የለም። መጨረሻ ላይ አላስቻለኝም።

«እትዬ፣ ሁለተኛዋ ሚስት መቼ ነው የምትመጣው?» አልኳት።

«የምን ሁለተኛ ሚስት?»

«ሐኪሙ ያገባት። ፋኖስ የሰበረችው።»

ሳቀችብኝ። «ኧረ ምን ነካሽ! ይህ ሰውዬ እኮ ከሟቿ ሌላ ሴት ቀና ብሎ አይቶ አያውቅም። ከመጀመሪያው ጀምሮ ያለው እሱና እሷ ናቸው።»

ወደ ባሌ ዞርኩ። ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ አልነቀለም። ጆሮው ግን ሲቀላ አየሁት።

መጨረሻው እንዲህ ነው። ሐኪሙ ሰዓቱን ከግድግዳ አወረደ፣ ወለል ላይ አስቀመጠው። ሟቿ ደረጃው ላይ ቆማ ታየዋለች። ኮቱን ለበሰ፣ ወጣ፣ በሩን ከውጭ ቆለፈው። ሟቿ መስኮቱ ጋ መጣች። እሱ መኪናው ውስጥ ገብቶ ነዳ፣ ወደ ኋላ አላየም። ከዚያ ጽሑፍ መጣ፣ አለቀ።

እኔ የተሰማኝን አልደብቅም፤ ቂሜን ረስቼ ደስ አለኝ። ሙት ሙት ነው፣ ሕያው መንገዱን ይሄዳል፤ አባቴ እሁድ እሁድ ጸሎት ቤት ከሚሰብከው ምን ይለያል? ባሌ ይህን በዓይኑ አይቷል፣ አሁን ስንመለስ ሳጥኑ ይከፈታል፣ ቀሚሶቹ ለድሃ ይሰጣሉ፣ በርጩማው ላይም እቀመጣለሁ ብዬ አሰብኩ። እንኳን ደስ አለህ ልለው ዞር ስል ባሌ ያለቅሳል። አጎቱ ፊት፣ ያለ ሐፍረት፣ እንባው አገጩ ላይ ይንጠባጠባል።

«እንዴት ጥሏት ይሄዳል?» አለ። «ያችን የመሰለች ሴት እንዴት ብቻዋን ቆልፎባት ይሄዳል?»

እኔ ሁለት ዓመት አጠገቡ ስተኛ አንድም ቀን ዓይኑ ረጥቦ አላየሁትም።

ስንመለስ ሻይ ልንጠጣ ቡታጅራ ወረድን። ሾፌሩ ጎማውን ሲያይ ብቻችንን ቀረን። «ለምን ጨመርከኝ?» አልኩት።

ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ አሰበ። «ያላንቺ ታሪኩ አይጥምም ነበር» አለኝ። «መጀመሪያ እንዳየሁት ነገርኳቸው፣ አዛጉ። አንድ ቀን አንቺን ጨመርኩ፣ ሳቁ። እማማም ሳቁ። እሷ ከሞተች ወዲህ ስቀው አያውቁም ነበር።»

«የቀሚሱንስ? እሱን ላንተ ብቻ ነበር የነገርኩህ።»

«እሱማ ከሁሉ ይበልጥ ተወደደ» አለ። ቃሉን በምስጋና ድምፅ ነው የተናገረው፤ ደስ እንዲለኝ የጠበቀ ይመስለኛል።

«መጨረሻውን እንዳየነው ትነግራቸዋለህ» አልኩት። «ሰውየው ቆልፎ እንደሄደ ትነግራቸዋለህ።»

«እሺ።»

«ማልልኝ።»

«እናቴ ትሙት» አለ፣ ዳቦውን ጎረሰ።

ሱቁ እንደዚያ ቀን ሞልቶ አያውቅም። ከሆመቾ የመጡ እንኳ ነበሩ፣ የአባቴን ጎረቤቶች በዓይኔ ለየኋቸው። ሸቀጡ ሲወርድ ሻንጣዬንም አውርደው ባንኮኒው ጫፍ ላይ አቆሙት። አማቴ አዲስ ነጠላ ለብሰው ወንበራቸው ላይ ናቸው። ባሌ ከሚዛኑ ኋላ ቆመ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ጀመረ። ሰዓቱ ከግድግዳ ሲወርድ እንዳየነው ነገራቸው። ሟቿ ደረጃው ላይ ስትቆም እንዳየነው ነገራቸው። ኮቱን አስለበሰው። እስካሁን ቃሉን ጠብቋል። ታሪኩ በሩ ጋ ሲደርስ ባሌ እናቱን አየት አደረገ።

«ከዚያ ሐኪሙ ሁለተኛዋን ሚስት ጠራት» አለ። «ሻንጣ ገዝቶላታል። ቡናማ ሻንጣ፣ ሁለት መቆለፊያ ያለው። እጇ ላይ አስቀመጠና ‹በይ፣ መንገድሽን› አላት። በሩን ከኋላዋ ዘጋ። ሟቿ መጥታ ሰዓቱን ሞላች፤ ሐኪሙና እሷ አብረው ኖሩ።»

የአጎቱ ቴሌቪዥን ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው የሚያሳየው። ቡናማ ከየት አመጣ ብዬ ሳስብ ዓይኔ ባንኮኒው ላይ ሄደ። የሰውም ሁሉ ዓይን እዚያው ሄደ። ሻንጣውን የገዛው ጠዋት ነው፤ መጨረሻውን ያየነው ማታ ነው። አማቴ የቋጠሩልኝ ስንቅ ትዝ አለኝ። እልልታው የመጣው ያኔ ነው፣ ከፊት፣ ቀጥሎም ከኋላ።

«ውሸት ነው!» ብዬ ጮህኩ። «እኔም አይቻለሁ! ሰውየው ሟቿን ቆልፎባት ነው የሄደው! ሁለተኛ ሚስት የምትባል የለችም፣ ኖራም አታውቅም!»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከዚያ አማቴ ወንበራቸው ላይ ሆነው፣ ድምፃቸውን እንኳ ሳያነሱ «ታዲያ አንቺ ማነሽ?» አሉኝ።

እንዲያ ያለ ሳቅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። ባሌም ሳቀ። ሊስቅ አልፈለገም ይሆናል፣ ግን ሳቀ።

ለወጉ ያህል ሽማግሌ ተቀመጠ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ የተከበሩ ሰው፣ ጢማቸውን እያሻሹ «የፋኖሱንስ ነገር ምን ትያለሽ?» አሉኝ።

«የቱን ፋኖስ ነው አባቴ? የኔን ነው የቴሌቪዥኑን?»

«ሁለቱም ተሰብረዋል አይደል?» አሉ፤ ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ባሌ አንገቱን ደፍቶ ሳር ይነጭ ነበር። «እሷ ጥፋት የለባትም፣ እኔ ነኝ ይህን የፈጠርኩት» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ነበር የምጠብቀው። ሳሩን መንጨት ቀጠለ።

ልብሴን በዚያው ሻንጣ ከትቼ ወጣሁ፤ ሌላ መያዣ አልነበረኝማ። በገበያው መሐል ሳልፍ አንዷ ሴት ለጓደኛዋ «ልክ እንደ ቴሌቪዥኑ!» ስትል ሰማኋት። ጓደኛዋ ጎንበስ ብላ መቆለፊያዎቹን አየችና «አዎ፣ ሁለት ነው» አለች። አባቴ ደግሞ ሆመቾ ስደርስ በሩ ላይ ቆሞ «ሙት ከሚመለክበት ቤት የሚመጣ ይኸው ነው» አለኝ። ለሱም ታሪኩ ከኔ ቀድሞ ደርሶት ነበር።

ሞርሲቶ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመርኩ፣ በኋላም ሰው አገባሁ፣ ወለድኩ። የፊተኛው ባሌ ሌላ ሚስት አላገባም። ሱቁም ውስጥ መተረኩ ቀረ አሉኝ፤ ሌላ ተከታታይ ይዞ ሞክሮ ነበር፣ ሰው ግን እያዛጋ ሄደ። እኔን ከየት ያምጣ!

አንድ ቀን፣ ንጉሡ ገና ሳይወርዱ፣ አማቴ ታመዋል፣ ይጠሩሻል የሚል መልእክት ደረሰኝ። ይቅርታ ሊጠይቁኝ ነው ብዬ ሄድኩ። ለዚያ ብዬ የሄድኩ መሆኔን አልክድም። ባሌ በረንዳው ላይ ተቀምጧል፣ ሸብቷል፤ ቀና ብሎ አላየኝም። አማቴ ከአጥንት በቀር የቀራቸው ነገር የለም። ሳጥኑ ከአልጋቸው እግርጌ ነው፤ የሟቿን አንድ ቀሚስ አስወጥተው እግራቸው ላይ ጣል አድርገዋል። በርጩማው ከምድጃው ተነስቶ አልጋው አጠገብ መጥቷል። «ቁጭ በይ» አሉኝ። ማንም የማይቀመጥበት በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ።

«ያን ነገር ያየሽው አንቺ ነሽ» አሉኝ። «ልጄ ለኔ ብሎ ነው የሚናገረው፣ አውቃለሁ። አንቺ አትዋሺም። ንገሪኝ፤ ሟቿን ምን አደረጋት? አብሯት ኖረ?»

ምን እንደፈሩ ገባኝ። ሊሞቱ ነው፤ የሞተ ሰው ቤት ውስጥ ቦታ ይኑረው አይኑረው ነው የጠየቁኝ። አንድ ውሸት ይበቃቸው ነበር፣ ለሱም የሚሆን አማርኛ አላጣሁም።

«አልኖረም» አልኳቸው። «ሰዓቷን ከግድግዳ አወረደባት፣ በሩን ከውጭ ቆለፈ።»

«እሷስ?»

«መስኮቱ ላይ ቀረች።»

«ዞር ብሎም አላያት?»

«አላያትም።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ እንባው በጎን በኩል ወደ ጆሯቸው ወረደ። ዝናብ ሊጥል ነበር፣ በመስኮቱ ነፋስ ሲገባ ቀሚሱ እግራቸው ላይ ትንሽ ተነፋ። እጃቸውን ዘርግተው የቀሚሴን ጫፍ ያዙ።

«ሁለተኛዋስ?» አሉ። «እሷ እንኳ አብራት አልቀረችም?»

«እሷንማ በሻንጣ ሸኛችኋት» አልኳቸውና ተነሳሁ።

«ትንሽ ቁጭ በይ፣ ልጄ።» በዚያ ቤት ውስጥ ልጄ ስባል የመጀመሪያዬ ነው።

ጎንበስ ብዬ ቀሚሴን የያዙበትን ጣቶች አንድ በአንድ አላቀቅኳቸው። «ይተዉ እማማ» አልኳቸው፣ «የኔ እጅ ሸካራ ነው።» ከዚያ ወጥቼ በሩን ዘጋሁት።